አሥራ አንድ ደቂቃ ለሽንኩርት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ለቁንጫዬ፣

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ? ያቺ አንገቷ በፕላስተር የታሰረች ጊታርህስ እስካሁን ትጮሃለች? እኔ ደህና ነኝ። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ፣ ተጣላን እንዴ?» ላልከው፣ አልተጣላንም። ከአንተ ጋር ለመጣላት ጊዜ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ በእኔ ቤት ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

«የማን ተራ ነው» የሚለውን ዘፈንህን የሆቴሉ ሰው ሰለቸው፣ አዲስ ነገር ላኪልኝ ብለሃል። እውነትህን ነው፤ ባልና ሚስት ከአልጋ ተነስቶ መብራቱን ማን ያጥፋ እያሉ ሲጨቃጨቁ ስንት ዓመት ይሳቃል? ያንን የላክሁልህ በተጋባን በዓመቱ ነበር። ያኔ እኛም እንስቅ ነበር። እንካ እንግዲህ አዲሱን።

መቼም ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ አይደል? ደንበኛ ረስቶት የሄደውን አንድ የግድግዳ ሰዓት ጠገነና ወጥ ቤቱ በር ላይ ሰቀለልኝ። ስጦታ መስሎኝ አመሰገንኩት። ለካስ ከቤት መውጫዬን ሊለካበት ኖሯል! ለሽንኩርት አሥራ አንድ ደቂቃ። ለዳቦ ስድስት። ለሐኪም ቤት ወረፋውን ጨምሮ አርባ። መንገዱን ራሱ ሄዶ ነው የለካው፤ እኔ ቀሚስ ስለምለብስ ብሎ ደግሞ አንድ ደቂቃ ጨምሮልኛል፣ ደግነቱን አትርሳበት። ስመለስ የሥራ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

ጭንቁ የት ላይ መሰለህ? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። የስፌት መኪናዋን ደጃፏ ላይ አውጥታ ነው የምትሰፋው። ሳልፍ «እንደምን አደርሽ» ትለኛለች። እሱ ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ! ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ አንተ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ እህቷ ልጆች በየተራ ይመጣል። ዝም ብያት ባልፍ ኮራች ትለኛለች። ቆሜ ብመልስላት ሽንኩርቱ ይቀራል። ባለፈው እየሮጥኩ «ደህና፣ ደህና፣ ሁሉም ደህና!» ብያት ሳልፍ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ ቀረች። ይኼ ዘፈን አይወጣውም?

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ግን ዘፈኑ ውስጥ አታስገባ። አያስቅም።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። አንዲት ሴት ሻንጣዋን ሸክፋ ወንድሜ ቤት ልሂድ ወይስ ልተው እያለች ታመነታለች። የወንድሟ ክፍል ጠባብ ናት ይባላል። ሁለት ሰው ትይዛለች ወይ? እስቲ ለካትና ጻፍልኝ። ለዘፈኑ ነው።

ሁለት ነገር አደራ። ደቂቃዋን ሃያ አድርጋት፣ ሽንኩርቱንም በሌላ ነገር ለውጠው። መልስህን ደግሞ ወደ ቤት ሳይሆን በልብስ ሰፊዋ በኩል ላክ።

እህትህ


ጥቅምት 19

እትዬ የኔ ጉድ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔማ ደህና ነኝ፣ ከደህናም በላይ! በዚያች ቁራጭ ወረቀት «ዘፈን ወጣው ወይስ ቅርጫት ገባ?» ብለሽኛል። ምን ወጣው ትያለሽ፣ ጣሪያውን ነው የነቀለው! ቅዳሜ ለምሳ የመጣው ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ፍርስ አለ። ያ ኮስታራ የሆቴሉ ባለቤት እንኳ ጥርሱ እንዳይታይ ወደ ጓዳ ገባ። እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፦

*ለሽንኩርት ተሰጠኝ አሥራ አንድ ደቂቃ፣*
*ጎረቤት መጣችብኝ ሰላምታ ታጥቃ፤*
*«ደህና ነሽ?» ብላ ጀመረች ከደጃፍ፣*
*ልጆቿን ሳልጠይቅ ጊዜው ሊያልፍ፣ ሊያልፍ!*

ከዚያ «ደህና፣ ደህና፣ ሁሉም ደህና!» ስል ሕዝቡ እየተቀበለ አብሮኝ ይጮኻል። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ከየት እንደሆነ እንጃ ፈልጎ አምጥቷል። እኔም ሴት መስዬ ቀሚስ ሰብስቤ እሮጣለሁ። ብታዪኝ በሳቅ ትሞቻለሽ።

ሃያ አድርጋት ላልሽው፣ ሞክሬ ነበር፣ እመኚኝ። ሃያ አጭር ናት፣ አፍ ሳትሞላ ታልቃለች። «አሥራ አንድ» ስል ግን ዜማው ላይ ልክክ ትላለች። ሽንኩርቱም እንደዚያው ነው፤ በቲማቲም ማን ይስቃል? ደግሞስ ማን ያውቅብሻል? በመካከላችን የሁለት ቀን መንገድ አለ። አንቺ ደግሞ ከጥንትም ፈሪ ነሽ።

ክፍሌን ለካኋት። አልጋው ከገባ በሩ አይከፈትም፣ በሩ ከተከፈተ አልጋው መውጣት አለበት፣ ሃሃ! የሻንጣዋ ሴት ነገር ግን ግሩም ሐሳብ ናት። ልሂድ ልቅር፣ ልሂድ ልቅር የምትል አዝማች ከአሁኑ ታይታኛለች። ሁለተኛውን ስንኝ ቶሎ ላኪልኝ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። የእጅ ሰዓቴ ወደ ኋላ እየቀረች አስቸግራኛለች፣ ስመጣ ያያታል በይው።

ቁንጫሽ


ኅዳር 2

ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? «ተቆጣሽ እንዴ?» ላልከው፣ አልተቆጣሁም። ደከመኝ እንጂ።

ዘፈኑን ሆቴልህ ውስጥ ዝፈነው፣ እንጀራህ ነው፣ አልከለክልህም። ወደ ሬዲዮ ግን እንዳትወስደው። ይህን ያለ ቀልድ ነው የምልህ። በባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ ሰዓት ሲፈታ፣ ሰዓት ሲሞላ እሱን እየሰማ ነው። በዚህ ከተማ ለሽንኩርት አሥራ አንድ ደቂቃ የተሰጣት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ቁጥሩን የምናውቀው እሱና እኔ ነን፣ አሁን ደግሞ አንተና የሆቴሉ ሰው። ገባህ?

ስለ ሻንጣዋ ሴት ሁለተኛ ስንኝ የለኝም። የምታርፍበት ቤት ሲገኝ ስንኙ ይመጣል።

«ቁምነገር ከሆነ እንደ ሰው በግልጽ አትጽፊም ወይ» ብለሃል። አይ አንተ! እኛን ማን አሳደገን? አባባ መሰላሉ ላይ ቆሞ የሰው ግድግዳ እየቀባ «በግጥም ካልሆነ ስሞታ አልሰማም» ሲለን አልነበር? ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቤት የሚመታ ስንኝ አጥቼ ሦስት ቀን ጉንጬን ይዤ ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ገጠምኩለት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ከዚያ በቀለም በተነከረ ልብሱ አዝሎኝ ሐኪም ቤት ድረስ ሮጠ። እኔ ሌላ አነጋገር አልተማርኩም፣ አንተም ሌላ አሰማም አልተማርክም። ልዩነቱ፣ አባባ ስቆ ሲያበቃ ይነሳ ነበር። አንተ ስቀህ ትቀመጣለህ።

ክረምት ሳይሆን ብርዱ ገብቶብኛል። በል ደህና ሁን።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

እትዬ፣

በቅድሚያ ይቅርታ። በመካከልም ይቅርታ። መጨረሻው ላይም እደግመዋለሁ።

ሰምተሽ ከሆነ እውነት ነው፣ ሬዲዮ ላይ ወጥቷል። እንዴት አድርገህ ነው ብትይኝ፣ እኔ አልሄድኩም፣ እነሱ ናቸው ሆቴሉ ድረስ የመጡት። የሆቴሉ ባለቤት ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን እሺ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ሲበላ ስዘፍን ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ሊሰማኝ ነው፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ጋዜጠኛዋ «እነዚህን የቤት ውስጥ ጣጣዎች ከየት ታመጣቸዋለህ?» ስትለኝ «ከእህቴ» አልኩ። ስምሽን አልጠራሁም፣ ከተማሽንም አልተናገርኩም፣ በአባባ አጥንት!

አሁን ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «ደህና፣ ደህና፣ ሁሉም ደህና!» ይለኛል። ጫማ የሚያሳምር ሁሉ በብሩሹ ሳጥኑን እየመታ ያዜመዋል። ከሌላ ከተማ ሁለት ሆቴሎች ጠርተውኛል። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ግን ምነው ዝም አልሽ? ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ የለም። ጋሼስ ሰማው? ሳቀ?

እንዳልኩሽ፣ ይቅርታ።

ቁንጫሽ


ጥር 3

ወንድሜ፣

ጽሑፌ ቢጣመምብህ አትፍረድብኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ከጣቶቹ እስከ ክንዴ ታሽጎ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። በር ነው። በሩን ማን እንደዘጋው አትጠይቀኝ።

ጋሼ ሳቀ ወይ ላልከው፣ ስቋል። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ ነው አሉ ዘፈኑ የተከፈተው። ሰዉ በሳቅ ሲንፈራፈር አብሮ ስቋል፣ እንዲያውም አንዱ «ድገመው በሉት» ሲል «ድንቅ ነው» ብሏል። ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤት ሲመጣም እያፏጨው ነው የመጣው። ዜማውን አንዲት ሳይስት ይዞታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፍም።

አሁን ለሽንኩርት ስምንት ደቂቃ ሆኗል።

ግራ እጅ ጉደኛ ነው። ጨው ጨምር ስትለው ስኳር ይጨምራል። ቁልፍ አዙር ስትለው ወደ ውስጥ ይቆልፋል። ጸጉሬን በአንድ እጄ ልጎነጉን ስል ግማሹን ጎንጉኜ ግማሹን ትቼው ወጣሁ፤ ልብስ ሰፊዋ አይታኝ ስቃ፣ ስቃ፣ መጨረሻ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ሳቅሁ። አየህ፣ ሳልወድ ይመጣብኛል፣ ከአባባ የወረስኩት በሽታ ነው። ይህን ግን ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ለማንም አይደለም።

በል እንግዲህ አንድ ጊዜ ያለ ግጥም ልንገርህ። እዚህ ቤት ብቆይ እሞታለሁ። ክፍልህ ትጥበብ፣ እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። አልጋህም ከገባ በሩ አይከፈትም ካልከኝ በመስኮት እገባለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ወደ እናንተ ከተማ አውቶቡስ አለ። አንኳኩቼ የማልመለስበት ቤት መኖሩን ሳላውቅ ሻንጣ ማንሳት አልችልም፤ ከመንገድ ከተመለስኩ ምን እንደሚጠብቀኝ አንተም ሳትገምተው አትቀርም። አንዲት ቃል ጻፍልኝ። ነይ ወይም አትምጪ።

እህትህ


ጥር 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጅሽ እንዴት ሆነ? በር ማለት መቼም ክፉ ነገር ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ጣቴን በር ላይ አስቀርቼ የለ?

ነይ እንዳልልሽ ጊዜው አልተመቸም። የካቲት ሙሉ ከከተማ ከተማ ነኝ፣ ክፍሌም ተቆልፋ ነው የምትከርመው። ባዶ ቤት መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ? አትምጪም አላልኩም፣ ልብ በይ። ትንሽ ታገሺ ነው የምልሽ። ደግሞ አትቆጪና፣ አንቺ ነገር ስታጋንኚ አውቅሻለሁ። በጥርስ ሕመምሽ ጊዜም «ሞትኩ፣ ቀብሬን አሳምሩ» ብለሽ አልነበር የገጠምሽው? ጋሼም ቢሆን ክፉ ሰው አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ የሰዓት ሽክርክሪት ሲቆጥር የሚውል ሰው ቤቱ ገብቶ ሌላ ምን ሊቆጥር ነው? ጥቂት ቀን ለስለስ በይለት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን አትጩሂብኝ። አዲሶቹ ሆቴሎች አዲስ ዘፈን ካላመጣህ ብለው ወጥረው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ያለ አንቺ ደብዳቤ አንድ ስንኝ አይመጣልኝም፣ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። እና ስለ ግራ እጅ ጥቂት ነገር ሞካክሬ ነበር፦

*ቀኝ እጄ አኮረፈ፣ ግራዬን ላክሁት፣*
*ጨው አምጣ ብዬው ስኳር ይዞ አገኘሁት።*

ስለ በሩ አንዲት ቃል የለበትም፣ ተጠንቅቄያለሁ። ሰዉ እንዴት እንደሚወደው ብነግርሽ! እጄን በሻርፕ አስሬ ነው የምዘፍነው።

ለጋሼ ሰላምታዬን... ይቅር ተዪው።

ቁንጫሽ


መጋቢት 2

እትዬ፣ እህቴ፣

መልስ የለሽም፣ ልክ ነሽ። ብትሰድቢኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ እጄን በሻርፕ አስሬ ግራ እጅን ዘፈንኩ። እንደወትሮው ሳቁ። ስወርድ አንዲት ጠና ያለች ሴት መውጫው ላይ ጠበቀችኝ። ፊርማ የምትፈልግ መስሎኝ ብዕር አወጣሁ። ነርስ ነኝ አለችኝ። «እጇ ስንት ቦታ ላይ ነው የተሰበረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የማን?» አልኳት።

«የሴትየዋ ነዋ። ሽንኩርቱም የእሷ ነው አይደል?»

ዘፈን እኮ ነው ልላት ነበር። ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ «አንተ ታውቃለህ» ብላኝ ሄደች። የያዝኩት ብዕር ሸሚዜ ላይ ቀለም ሲተፋ እንኳ አላየሁም።

ክፍሌ ገብቼ ደብዳቤዎችሽን በሙሉ አወጣሁ። ከሁሉም ላይ ለዘፈን የሚሆነውን አስምሬበታለሁ። ያላሰመርኩበትን ብቻ መርጬ አነበብኩ። እትዬ፣ ምነው ያኔ በዱላ ብትመቺኝ! አባባ ቢኖር በየትኛው ዓይኔ አየው ነበር?

የግራ እጅን ዘፈን አቁሜያለሁ። ሆቴሎቹ ተቆጥተዋል፣ ይቆጡ። የሽንኩርቱን ግን ማስቆም አልቻልኩም፤ አልዘፍንም ብል ሰዉ ራሱ ይዘፍነዋል። ለሬዲዮ ጣቢያው አታጫውቱት ብዬ ጻፍኩ፣ አድማጭ እየጠየቀ ነው አሉኝ። ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተከራይቻለሁ። ፀሐይ የምታገኘው የአንቺ ናት። አልጋ ገዝቼ አስገብቻለሁ፣ በሩም ይከፈታል።

አንዲት ቃል ጻፍልኝ ብለሽኝ ነበር። ነይ። ነይ እባክሽ። ወይም ሐሙስ አውቶቡሱን ይዤ ራሴ ልምጣና ልውሰድሽ፣ ከእሱም ጋር የሚሆነው ይሁን። ለልብስ ሰፊዋም ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። የት ነሽ? ማን አለሽ? እጅሽ ዳነ ወይ? እንዲያው ይህችን ብቻ መልሺልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 14

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ልብስ ሰፊዋ ናት ያሻገረችልኝ። ላንተም ያልመለሰችልህ እኔ አደራ ስላልኳት ነው፣ እሷን አትቀየማት። ፖስታው ላይ የተመታው ማኅተም እኔ ካለሁበት ከተማ አይደለም፤ ለመንገደኛ ሰጥቼ ሌላ ቦታ እንዲያስገባልኝ ነው የለመንኩት። ስለዚህ በማኅተሙ አትድከም።

ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ። የወጣሁት በየካቲት ነው፣ አንተ ከከተማ ከተማ በምትዞርበት ወር። ለልብስ ሰፊዋ ነገሬን ሁሉ ስነግራት አንድም ስንኝ አልጠየቀችኝም። ከአንገቴ በላይ ያለውን ቀልድ ሁሉ አስጨረሰችኝና «ጨረስሽ? በይ አሁን ሻንጣሽ የት ነው?» አለችኝ። በቃ። ይኼን ያህል ቀላል ኖሯል። ስንት ዓመት ሙሉ ግጥም ስደረድር የኖርኩት ለማን እንደነበር እስካሁን እየገረመኝ ነው።

እንዳትመጣ። ወደዚያ ቤትም እንዳትሄድ፤ እሱ እየፈለገኝ ነው፣ አንተን ሲያይ አንተ የምታውቀው ቦታ ያለሁ ይመስለዋል። ቤት መከራየትህን፣ አልጋ መግዛትህን አነበብኩ። ፀሐይ የምታገኘውን ክፍል ለእኔ ማለትህ አንጀቴን በላው። አልዋሽህም፣ አልቅሻለሁ። ጥር ላይ ብትለኝ ኖሮ እየበረርኩ ነበር የምመጣው። አሁን ግን ያንተ ቤት እሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያንኳኳው ቤት ነው፤ የምትዘፍንበትን ቦታ ሬዲዮው ሳይቀር ተናግሮታል።

እንዴት እንደወጣሁ ልጽፍልህ ሦስት ጊዜ ብዕር አነሳሁ። እስከዛሬ ከነገርኩህ ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው፣ እውነቴን ነው። ሻንጣው አለ፣ የሰፈሩ ዘበኛ አለ፣ የልብስ ሰፊዋ ወገብ አለ። ቢሰማው አባባ ከመሰላሉ ይወድቅ ነበር። እዚህ ደግሞ አብራኝ ለምትሠራ ሴት ስነግራት ሻይዋ ትን ብሏት ነበር። ለአንተ ግን አልነግርህም። ሦስቱንም ጊዜ ቀድጄ ጣልኩት።

አልጠላሁህም። ብጠላህ መልስ ባልጻፍኩ። ሰኞ የነገርኩህን እሱ ዓርብ ሬዲዮ ላይ እንደሚሰማው ግን አውቃለሁ። አንተ ክፉ ሆነህ አይደለም። አሁን ለቅሶ ላይ ነህ፣ ትምላለህ፣ ትገዘታለህ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሆዱ የሞላ ሰው «አዲስ የለህም ወይ?» ይልሃል፣ አንተ ደግሞ ለሳቅ ያለህን ስስት እኔ ነኝ የማውቀው። ያንን ቀን ኪስህ ውስጥ የእኔ ነገር እንዳይገኝ ነው የምፈልገው።

የት ነሽ፣ ማን አለሽ፣ እጅሽ ዳነ ወይ ብለሃል። ጥያቄህ የወንድም ጥያቄ ነው፣ ገብቶኛል። ደህና ነኝ። ከዚህ አንዲት ቃል ብጨምርልህ ዜማ ታወጣላታለህ።

እህትህ